የጤነኞች ልክ

ብርኽቲ አትላስ አካባቢ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ አሥራ ስድስት ዓመት ደም መርምራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነበር። ውጤት ወረቀት ላይ ከየቁጥሩ ጎን የሚታተመው የጤነኛ ሰው ልክ ከመሣሪያው ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በሌላ አገር ሰው ደም የተለካ ነው። በተለይ የፕሮቲኑ ልክ አልዋጥላት ይል ነበር። ምንም ያልነካው ጎረምሳ ሳይቀር ፕሮቲንህ ከፍ ብሏል ተብሎ ከሐኪም ሐኪም ሲንከራተት አይታለች። ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ ለሚደነግጥ ሁሉ፣ “የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ አያስጨንቅም” ማለት ለምዳለች።

ለጋሽ አምላኩም ይህንኑ ብላቸው ነበር። ጋሽ አምላኩ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ሲሆኑ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ከእሷ ቤት ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ። ጀርባቸውን ሲያማቸው እሷው መሥሪያ ቤት ተመርምረው፣ ማታ ደረጃው ላይ ሲገናኙ ውጤቱን አሳዩዋት። በአንድ እጇ ሽንኩርት፣ በሌላው ዘይት ይዛ ስለነበር ወረቀቱን እሳቸው እንደያዙላት አየት አደረገችውና የተለመደውን መልሷን ሰጠቻቸው። እሳቸውም እፎይ ብለው አመሰገኗት፤ ሐኪሙ ዘንድም አልተመለሱም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ብርኽቲና የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ሱሌማን ስንት ደጅ ጠንተው፣ የራሳችንን ሰው ልክ የሚያወጣ ጥናት ተፈቀደላቸው። ከቦሌ እስከ አያት ከሚኖሩ ሁለት መቶ አርባ ጤነኞች ደም መውሰድ ነበረባቸው። ሳይታመም ክንዱን የሚዘረጋ ሰው ማግኘት ግን ቀላል አልሆነም። አንዱ ጊዜ የለኝም ይላል፤ ሌላው ደሜን ለማን ልትሸጪው ነው ብሎ ይጠይቃል። ያኔ የደረሱላት ጋሽ አምላኩ ናቸው። የቸርቻቸውን መዘምራን፣ ጠዋት ጠዋት ሳሊተ ምሕረት ድረስ አብረዋቸው የሚራመዱትን፣ የሰፈሩን ባለሱቆች ሳይቀር እያግባቡ አመጡላት። ከሁሉ በፊት ደም የሰጡትም እሳቸው ነበሩ። መጠይቁ ላይ ስለ ሕመም ሲጠየቁ ጀርባቸውን አነሱ፤ የዕድሜ ነው ተባብለው አለፉት።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ብርኽቲ የመጀመሪያውን፣ የጋሽ አምላኩን ናሙና ስክሪኑ ላይ ስታየው ዶክተር ሱሌማንን ጠራች። የደም ፕሮቲኖችን በየዓይነታቸው የሚለየው መሣሪያ በጤነኛ ሰው ላይ ሰፋ ያለ ጉብታ በሚሥልበት ቦታ፣ እንደ ምስማር የቀጠነ አንድ ጫፍ ሽቅብ ወጥቷል። ዶክተር ሱሌማን ይደገም አሉ። ተደገመ፤ ያው ሆነ። ደም ውስጥ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ብቻ የሚያበዛው የመቅኔ ካንሰር ሳይሆን እንደማይቀር ሁለቱም ገባቸው።

ጋሽ አምላኩ ተጠርተው ሲመጡ፣ ዶክተሩ ለካንሰር ሐኪም የሚጽፉላቸውን ደብዳቤ አስረዷቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ብርኽቲ መለሱ።

“ከጤነኞቹ ልታወጪኝ ነው?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ያመጣኋቸውስ ሰዎች?”

“እነሱ ደህና ናቸው።”

“ተመስገን” አሉና ባርኔጣቸውን አነሱ።

አጥንታቸው ቀድሞ ተበልቶ ነበር። መድኃኒቱን በየሳምንቱ እየተመላለሱ ቢወስዱም፣ ሰባተኛው ወር ላይ ነሐሴ ሳይወጣ አረፉ። ብርኽቲ ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ቤት ዋለች። ሰው ሁሉ አንቺ ባትኖሪ ሳይታወቅ ይሞቱ ነበር እያለ ሲያመሰግናት፣ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ኅዳር ላይ ልኩ ወጣ። ብርኽቲ ትክክል ነበረች፤ የኛ ሰው ጠቅላላ ፕሮቲን ከውጭው ልክ ከፍ ይላል፤ ላይኛው ጣሪያ ስምንት ነጥብ ሰባት ሆነ። ባልደረቦቿ ኬክ አስመጥተው ሲያጨበጭቡላት ግን ልቧ እዚያ አልነበረም። ሁሉም ሲሄድ የቆየውን መዝገብ ከፍታ የጋሽ አምላኩን የያኔውን ውጤት ፈለገች። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ይላል፤ ከአዲሱም ጣሪያ በላይ ነው። የኛም ሰው እንዲህ አልነበረም።

በማግስቱ ሁለቱን ፎቅ ወጥታ የጋሽ አምላኩን ባለቤት እትዬ ወይንሸትን አገኘችና ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ደረጃው ላይ ያለቻቸውን፣ ቁጥሩን በወጉ እንኳ አለማየቷን። ያኔ ቢታከም ይድን ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። መዳኑን እንደማታውቅ፣ ዕድሜ ግን ያገኙ እንደነበር መለሰችላቸው።

“እሱ ይህን ያውቅ ነበር?” አሉ።

“አንድም ቀን አላነሱብኝም፣ እትዬ።”

እትዬ ወይንሸት የነጠላቸውን ጥለት ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

“ዛሬ ሂጂልኝ” አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ሲተላለፉ ሰላምታቸው የአንገት ብቻ ሆነ። ብርኽቲም ደግማ በራቸውን ለማንኳኳት አቅም አጣች። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ግን፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ተረኛ ስትጠራ እትዬ ወይንሸት ከወረፋው ተነስተው ገቡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

“እኔንም እዪኝ” አሉ። “ውጤቱን ግን ሐኪሙ ይንገረኝ። አንቺ እንዳትነግሪኝ።”

“እሺ” አለች ብርኽቲ፤ እንባዋ እንዳይታይ ጎንበስ ብላ ክንዳቸው ላይ ደም ሥር መፈለግ ጀመረች።