ወንዱ ዳና

ኤርሳዶ ሻንቶ ላይ ወፍጮ ቤት አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሞተር ጋር እየተጯጯኸ ስለኖረ፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ ጎረቤት ይሰማዋል። አማርኛ ይችላል፤ ገበያም ቢሮም ሲሄድ አፉን ፈትቶ ይናገራል። አንድ ነገር ብቻ እንቢ ብሎታል፤ «አንተ» እና «አንቺ»ን መለየት። በወላይትኛ ለወንዱም ለሴቷም «ኔኒ» ነው፣ አለቀ። እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደፈጠረ ኤርሳዶ አይጠፋውም፤ ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው በጠራ ቁጥር ግን ይህን ማስታወስ ለምን እንዳስፈለገ አልገባውም። ስለዚህ አማርኛ ሲናገር ሁሉም «አንተ» ነው። ሚስቱ አስካለችም «አንተ» ናት፤ ላሚቱም እንደዚያው።

የዳና ነገር የመጣው ከዚሁ ነው።

ዳና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ ናት። ባለፈው ክረምት ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እየተፈራረቁ አበጡ፤ ኋላም ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሶዶ ሆስፒታል ወስዶ አስመረመራት። ሐኪሙ፣ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት የነበረው ሕመም ልቧ ላይ እንደወጣ ነገረው። ከወንበሩ ተነሥቶ የቢሮውን በር ገርበብ አደረገና፣ «ከልቧ በሮች አንዱ እንዲህ ነው፤ ደህና አድርጎ አይገጥምም» አለው። «በየሃያ ስምንት ቀኑ መርፌ ትወጋለች። ለብዙ ዓመት ነው። ከተዘለለ ሕመሙ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ በሩ ይበልጥ ይበላሻል።»

ኤርሳዶ በሩን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ የትም ቤት ገብቶ ያልገጠመ በር ካየ፣ ሳይገፋው አያልፍም።

ካርድ ሲያወጡ ዳና ፀጉሯን ተላጭታ፣ የታላቅ ወንድሟን ጃኬት ለብሳ ነበር። ኤርሳዶ ነጭ ጋዋን ባየበት ሁሉ አማርኛ ይመጣበታልና፣ «ና ዳና፣ እዚህ ቁም፣ አትፍራ አንተ» አላት፣ በወፍጮ ቤት ድምፁ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ የሰማውን ጻፈ። ዳና ኤርሳዶ፣ ዕድሜ 9፣ ፆታ ወንድ። ሌላ ምን ይጻፍ?

የመጀመሪያው መርፌ የሚይዟት ሦስት ሰው ፈለገ። በሁለተኛው ዳና የአባቷን አውራ ጣት ነከሰች። ያን ቀን ወደ ሻንቶ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ አኩርፋ፣ በአንድ ጎኗ ተቀምጣ፣ ካርዱን ስታገላብጥ ቆየችና ድንገት ኩርፊያዋ ለቀቃት።

«ባባ፣ ይሄ እኔ አይደለሁም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«ሌላ ዳና ነው። ወንድ ነው። የታመመው እሱ ነው።»

አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት እናት ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ ልጄን፣ አሁን የት አለ?»

«እዚያው ሆስፒታል ተውነው» አለች ዳና።

ኤርሳዶ ሊያርማት አፉን ከፍቶ ነበር። ጣቱን አየና መልሶ ዘጋው።

ማታ አስካለች ካርዱን አይታ፣ «ሴት ልጅ ሰጥቼህ ወንድ ይዘህልኝ መጣህ?» አለችው። ነገ ዛሬ ሄጄ አስተካክላለሁ አላት። ግን በሦስተኛው ወር ዳና ራሷ አልጋው ላይ ወጣች፣ በደረቷ ተኛች፣ «እሱን ውጉት» ብላ የሰው ጉዳይ እንደምትመለከት ሰው ግድግዳውን ማየት ጀመረች። እንባ የለ፣ መንከስ የለ። ኤርሳዶ ማስተካከሉን ተወው።

ከዚያ ወዲያ ወንዱ ዳና ቤተሰብ ሆነ። ሙዝ ሲታደል አንድ ለእሱ ይያዝለታል፤ የምትበላለት ዳና ናት፣ አደራ ስላለባት። ብርጭቆ ከተሰበረ የሰበረው እሱ ነው። የቤት ሥራ ያልሠራውም እሱ ነው፤ ሕመምተኛ እንዴት ይሠራል? አንድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንጌላዊው የጸሎት ርዕስ ያለው ሰው ካለ ብለው ሲጠይቁ ዳና ተነሥታ ቆመች። «ዳና ለሚባል ልጅ ጸልዩለት፣ ልቡን አሞታል።» ጉባኤው በአንድ ድምፅ ለወንድማችን ለዳና ጸለየ። አስካለች ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ኤርሳዶ ዐይኑን እንደጨፈነ፣ በልቡ፣ ጌታ ሆይ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ አድራሻውን ግን አንተ ታውቀዋለህ አለና «አሜን» አለ። የእሱ አሜን ከሁሉም በላይ ተሰማ።

እንዲህ እያሉ አራት መርፌ በሰላም አለፈ።

በሰባተኛው ወር መርፌ ክፍሉ ውስጥ አዲስ ነርስ ጠበቀቻቸው፤ ሲስተር መቅዲ ትባላለች፣ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች። ካርዱን አየች፣ ዳናን አየች። የዳና ፀጉር አሁን ተጎንጉኗል፣ ቀሚስ ለብሳለች።

«ዳና ማለት አንቺ ነሽ? ወንድ ነው እኮ የሚለው» አለችና፣ ሰው ሳይጠይቃት እስክሪብቶዋን አውጥታ «ወንድ» የሚለውን ሰርዛ «ሴት» ብላ ጻፈች። «ይኸው፣ ተስተካከለ።»

ዳና አልጋው ላይ ለመውጣት አንድ እግሯን አንሥታ ነበር። መልሳ አወረደችው።

«የት ሄደ?»

«ማን?» አለች መቅዲ።

«አሁን ማንን ልትወጊ ነው?» ዳና ወደ ኋላ ሸሸችና የአባቷን እግር በሁለት እጇ አቀፈች። «እኔ አልታመምኩም። የታመመው ሄዷል። ባባ፣ እንሂድ።»

ኤርሳዶ ነገሩን በዚያው «አንተ» በበዛበት አማርኛው ለመቅዲ አስረዳት። መቅዲ ፊቷ ቀላ፤ ጎንበስ ብላ በዝግታ፣ «መልሼ ወንድ ልበለው?» አለችው። እስክሪብቶው እንደተከፈተ ነው።

ኤርሳዶ እሺ ሊል ቃጣው። አንዲት ቃል ናት፤ ተጽፋ ዛሬን ታሳልፋለች። መርፌው ዛሬ መወጋት አለበት፤ ያ ገርበብ ያለ በር ዐይኑ ላይ መጣ። ግን ደግሞ ለብዙ ዓመት ነው የተባለው። ዳና አድጋ፣ ብቻዋን ሌላ ከተማ፣ ሌላ ካርድ ላይ «ሴት» ተብሎ ቢጻፍስ? ያኔ ማን ይወጋላታል?

«ተወው» አላት መቅዲን፤ «ሴት ነው።» ተንበረከከና ወደ ወላይትኛው ገባ።

«ዳና፣ ልጁ አልሄደም። ድሮም አልነበረም።»

«ነበረ። ካርዱ ላይ ነበረ።»

«ያመጣሁት እኔ ነኝ። አማርኛዬ ነው ያመጣው።»

ዳና አሰበች። የአባቷን አማርኛ ስለምታውቀው ይህኛው አልከበዳትም። «ታዲያ አራት ጊዜ ዝም ብሎ የተወጋው ማን ነው?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ መርፌ እፈራለሁ።»

«አውቃለሁ። ጣቴም ያውቃል። ግን እሱን ወግተውት አንቺ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ለምን አነከስሽ?»

«አዝኜለት ነዋ።»

መቅዲ ቋንቋው ባይገባትም የኤርሳዶን ፊት አይታ ዞር ብላ ሳቀች። ዳና ግን አልሳቀችም። ጎኗን በእጇ ዳሰሰች፤ ያለፈው ወር መርፌ ያረፈበትን።

«እኔ ከሆንኩ ግን አለቅሳለሁ» አለች።

«አልቅሺ።»

«በጣም ነው የማለቅሰው። እሱ ስለሆነ ነው ዝም ያለው።»

«እኔ የወፍጮ ሰው ነኝ። የምን ጩኸት ነው የምፈራው?»

«ማንም እንዳይይዘኝ።»

«ማንም አይይዝሽም።»

ወጣች፣ ተኛች። ልቅሶውን የጀመረችው ጥጡ ሳይነካት ነው። «ገና ነው እኮ» አለች መቅዲ። ዳና ልቅሶዋን ገታ አድርጋ፣ «እየተዘጋጀሁ ነው» አለቻትና ካቆመችበት ቀጠለች። የአባቷ ልጅ ናትና ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ፤ አንዱ ጥበቃ ሮጦ መጥቶ አንገቱን አስግጎ ተመለሰ። መርፌው ሲገባ ድምፁ አንድ እርከን ጨመረ። ገላዋ ግን ከአልጋው ላይ ንቅንቅ አላለም። ኤርሳዶ እጆቹን ከጀርባው አቆላልፎ ቆሟል፤ እንዳይይዛት እጆቹን መያዝ ነበረበት። ሊጸልይ ፈልጎ ቃል ሲያጣ፣ እግዚአብሔር ያለ ቃልም ይሰማል ብሎ ተወው።

መርፌው ካለቀ በኋላ እንደ ወትሮው ግማሽ ሰዓት እንዲቆዩ ተነግሯቸው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ዳና በአንድ ጎኗ። ከፊት ለፊታቸው ከቢጠና የመጣች እናት አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ልጅቷ የዳናን ልቅሶ ስለሰማች የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች።

«ያማል?» አለቻት ዳናን።

«ያማል» አለች ዳና፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «በጣም። ከዚያ ይተውሻል።»

ልክ ያኔ መቅዲ ከውስጥ የልጅቷን ስም ጠራች። እናትየው ብትጎትታት፣ ብታባብላት፣ እንቢ አለች። ኤርሳዶ የልጅቷን እናት ሊረዳ ሲነሣ፣ ዳና ቀድማው ተነሣች፤ እያነከሰች ሄዳ የልጅቷን እጅ ያዘች።

«ከፈለግሽ አብሬሽ አለቅሳለሁ» አለቻት። «እኔ ገና አልጨረስኩም።»

ተያይዘው ገቡ።