ሮሮ ወዳዷ ባዝራ

ሃምሳ አለቃው ለፈረሰኛ ፖሊስ ምልምሎችን ከነፈረሶቻቸው ሲያሠለጥኑ ሠላሳ ዓመት ኖረው ጡረታ ወጡ። እሳቸው ይውጡ እንጂ ድምፃቸው አብሮ አልወጣም። ቤታቸው ቁጭ ብለው "ጨው አቀብዪኝ" ሲሉ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። በሦስተኛው ወር ባለቤታቸው መረራቸውና፣ "ወይ ሥራ ይፈልጉ፣ ወይ እኔንም ጡረታ ያውጡኝ" አሏቸው። ሃምሳ አለቃው ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ታናሽ እህታቸው ሄዱ።

እህታቸው የእንስሳት ሐኪም ናት። ከተማው ዳር ባለው ግቢዋ፣ ባለቤቶቻቸው ደብድበውና አስርበው የጣሏቸውን ፈረሶች ሰብስባ ታኖራለች። ሃምሳ አለቃው በሩን አልፈው እንደገቡ፣ እንደ ልማዳቸው "ቁም!" ሲሉ አምባረቁ። አሥራ አንድ ፈረስ በአንዴ ግር ብሎ ወደ አጥሩ ጥግ ሸሸ። ቀጥ ብሎ የቆመው ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እሱም መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ።

"ጋሼ" አለች እህታቸው ሳቋን እየዋጠች፣ "እዚህ ቤት ፈረስ ይለመናል እንጂ አይታዘዝም።"

"እኔ ፈረስ ልለምን?"

"አዎ። የምትለምናትም እዚያ ማዶ አለችልህ።"

ማዶ ለብቻዋ የቆመችው ዳማ ባዝራ ነበረች። ድንጋይ መፍለጫ ቦታ ጋሪ ስትጎትት ኖራ የመጣች ናት። አፍንጫዋ ላይ የገመድ ጠባሳ አለ። ኮቴዋ ለረጅም ጊዜ ስላልተከረከመ ጫፉ እንደ አሮጌ ጫማ ሽቅብ ተቆልምሟል። ማንንም ስለማታስጠጋ "እሜቴ" ብለዋታል።

"ሁለት ገመድና አራት ጎረምሳ ስጪኝ" አሉ ሃምሳ አለቃው። "አሁኑኑ አጋድሜ አስከረክምልሻለሁ።"

"ማጋደሙንስ ታጋድማታለህ። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ባየች ቁጥር የምታስበው ገመዱን ነው። ኮቴ ከርካሚው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል። እስከዚያ በርጩማ ላይ ጀርባህን ሰጥተሃት ትቀመጣለህ። አትንካት፣ አትጥራት፣ ዐይኗንም አትይ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ትቀመጣለህ። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሼ።"

"እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ በቃሬዛ ልሄድ ነው" አሉና ተቀመጡ።

አራት ቀን ሙሉ ምንም አልሆነም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ብርዱ ጉልበታቸው ውስጥ ገባና ለራሳቸው ማጉረምረም ጀመሩ። "ይሄ ጉልበት ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ያመኛል። ሲመጣም ያመኛል። ከሄደ በኋላ ደግሞ ናፍቆት ነው መሰለኝ፣ ያመኛል።" ከጀርባቸው ኮቴ ተሰማ። ዝም ሲሉ እሱም ዝም አለ። እንደ ፍየል ስለሚጮኸው የጎረቤታቸው በር ማማረር ሲጀምሩ፣ ኮቴው እንደገና ቀረበ።

"ስታማርር ድምፅህ ዝቅ ይላል፣ ትከሻህ ይወርዳል፣ ትንፋሽህ ይረዝማል" አለቻቸው እህታቸው ነገሩን ሲነግሯት። "እሷ የምትሰማው ቃሉን አይደለም፣ ሰውነትህን ነው።"

በሁለተኛው ሳምንት እሜቴ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ግጣ በላች። በሦስተኛው ደግሞ ግንባሯን ትከሻቸው መሐል አሳርፋ በረጅሙ ተነፈሰች። ሃምሳ አለቃው ግማሽ ሰዓት ያህል ንቅንቅ አላሉም። እህታቸው መጥታ ዐይናቸው መቅላቱን ብታይ፣ "የድርቆሹ ብናኝ ነው" አሏት።

ኮቴ ከርካሚው በቀጠሮው መጣ። ቃል የሚቆጥብ፣ አጭር ሰው ነው። እሜቴን ማንም አላሰራትም። ሃምሳ አለቃው በአንድ በኩል፣ እህታቸው በሌላው በኩል ቆሙ። እሳቸው እጃቸውን ጋማዋ ላይ አድርገው ሮሯቸውን ጀመሩ። በጉልበታቸው አንዱ ኮቴ አለቀ። በጎረቤታቸው በር ሁለተኛው አለቀ። ስለ አውቶቡስ ወንበር ጥበት ሲያወሩ ሦስተኛው አለቀ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ግን የሚያማርሩት ነገር ጠፋ። የእሜቴ ጆሮ ወደ ኋላ ተኛ፤ ቆዳዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ቀጥል እንጂ!" አለች እህታቸው በሹክሹክታ።

"አለቀብኝ።"

"ሌላ ፈልግ!"

እጃቸውን ከጋማዋ ሳያነሱ፣ "ወጣት ሳለሁ አንድ ጥቁር ፈረስ ነበረኝ" አሉ። "ምልምሎቹ እንዲፈሩኝ ብዬ ፊታቸው ገረፍኩት። ከዚያ ወዲያ ስጠራው ሁልጊዜ ይመጣ ነበር። ሳልጠራው ግን አንድም ቀን አልመጣም።"

ከርካሚው ሞረዱን ይዞ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ። የእሜቴ ጆሮም ወደ ቦታው ተመለሰ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሃምሳ አለቃው ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፋቸው ግን ያመለጠው ያን ዕለት ነው።

"የአባባን ሬዲዮ የሰበርኩትም እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ?!" እህታቸው ጮኸች። እሜቴ አንገቷን ቀና አደረገች። ሐኪሟ ቁጣዋን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በዜማ ታወርደው ጀመር። "አንተ ነህ እንዴ... ጋሼዬ? አንድ ወር ሙሉ ከቤት እንዳልወጣ የተፈረደብኝ... ባንተ ጥፋት ነው... የኔ ማር?"

"በኔ ነው... የኔ ቆንጆ" አሉ እሳቸውም በዚያው ዜማ። "ኳስ እየጠለዝኩ ነበር..."

"የሥራህን ይስጥህ... የኔ ጌታ... ዛሬ ከዚህ ግቢ በእግርህ ከወጣህ... እኔ ሴት አይደለሁም..."

እሜቴ ዐይኗን ጨፈነች። ታችኛው ከንፈሯ ተንጠለጠለ። ከርካሚው የመጨረሻውን ኮቴ በቀስታ መሬት አስነካና ቀና አለ።

"አለቀ" አለ። የዕለቱ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። ከዚያ ትንሽ አመንትቶ፣ "ግን አባታችሁ ምን አሉ?" ሲል ጠየቀ።

ወንድምና እህት ግን ዐይናቸው እሜቴ ላይ ነበር። መሬቱ የጋለ ይመስል እግሯን አንድ በአንድ እያነሳች ሞከረችው። ከዚያ ሰገር አለች፤ ከዚያ ጋለበች። አጥሩን ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረሶቹ መሐል ዘው አለች። ወደ አንድ ሽማግሌ ግራጫ ፈረስ ሄዳ ከፊቱ ያለውን ድርቆሽ ያለ ፈቃድ መብላት ጀመረች። ግራጫው አያትና ገለል አለላት።