የቤት ጓጉንቸር

ሊጥ አቡኪዋን ልጅ ሳለች የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። አንደበቷ ግን ደህና ነው፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ! ድምጿን መመጠን ስለማትችል፣ እሷ ሹክ ያለች ሲመስላት የዳቦ ፋብሪካው ሁሉ ይሰማታል።

ማቡኪያው ጎልማሳ ሰው የሚውጥ የብረት ጎድጓዳ ያለው ማሽን ነው። በቆመ ቁጥር እሷ እስከ ወገቧ ገብታ የተጣበቀውን ሊጥ ትፍቃለች። ሊነሳ ሲል ለሌላው ደወል ይጮኻል፤ ለእሷ ቀይ አምፖል ይበራል። አምፖሉን ያስተከለችው ታግላ ነው። አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሥራውን ማመቻቸት አለበት፣ ሕግ ነው እያለች የቀድሞውን አለቃ መውጫ መግቢያ አሳጥታው ነበር።

አዲሱ አለቃ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከንፈሩን እንዳታነብ ጀርባውን ሰጥቶ ያናግራታል። እንዳያባርራት ሕጉ እጁን ይዞታል። በገዛ ፈቃዷ ብትወጣለት ግን ማን ይጠይቀዋል? መጀመሪያ፣ ደወል ሲጮኽ ትከሻዋን ነካ የምታደርጋትን ጓደኛዋን ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወረባት። ቀጥሎ አምፖሉ መብራት አቆመ።

"ተቃጥሏል፣ ይገዛል" ተባለች። መሰላል ወጥታ ብታይ አምፖሉ ጭራሽ የለም። ያኔ ማሽኑ እሷ ውስጡ ሳለች ቢነሳ ምን እንደሚሆን ገባት። ክንዶቿን አየቻቸውና ፈራች፣ ክፉኛ ፈራች። ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ብታመለክት፣ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ታገሺ አሏት። አልገባም ካለች ደግሞ አለቃው "ሥራ እምቢ አለች" ብሎ ሊያሰናብታት ነው።

በማግስቱ ጓጉንቸር ይዛ መጣች። የማሽኑን ማብሪያ ሳጥን ዘግታ ቆለፈችበትና ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጎጠች።

ጓደኛዋ ከማሸጊያ ክፍል ብቅ ብላ፣ "አንቺ ጉደኛ፣ ከየት አመጣሽው?" አለቻት።

"ቀስ በይ፣ ሰው እንዳይሰማሽ!" አለች አቡኪዋ፣ ሹክ ያለች መስሏት። "ከቤቴ በር ነው የነቀልኩት። ምን አለኝና ይሰረቃል? እማዬ እንደሆነች ከአልጋ አትወርድ!"

ጓደኛዋ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዞር ብላ ወደ አለቃው ቢሮ አየች። አቡኪዋ ግን የሊጥ መፋቂያዋን አንስታ ማቡኪያው ውስጥ ገብታ ነበር።

ፍቃ ስትጨርስ ቀና አለች። ሳጥኑ ላይ ያለው ጓጉንቸር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። አጠገቡ አለቃው ቆሟል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሙሉ በሙሉ አዞረላት። ከንፈሩን ቀስ አድርጎ፣ አጥርቶ አንቀሳቀሰው።

"እናትሽ እንዴት ናቸው? ዛሬ በራቸውን በምን ቆለፍሽው?"

አንዲት ቃል አላመለጠቻትም።