የጉግሳ ፈረስ እምቢ አለ

ሰባተኛው ርግጫም ከሸፈ። የሻረግ ከቤት ውስጥ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጣ፣ በጆሮዋ ትቆጥራለች። ማስነሻው ይረገጣል፣ ሞተሩ አንዴ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ጭጭ። ስምንተኛው። ጭጭ። «ኧረ እንዲህ አይደለም!» አለች በሆዷ። አፏ ግን በልቅሶ ብዛት ደርቆ አልታዘዛትም።

ዛሬ ሰልስት ነው። ባሏ ጉግሳ፣ የጥጥ እርሻው የውሃ ፓምፕ መካኒክ፣ በወባ ሞቶ ከትናንት በስቲያ ተቀበረ። ወባ ያለው ሐኪሙ ነው እንጂ የአዋሽ ጣቢያ ሴቶች የራሳቸው ምርመራ አላቸው። «ምች ነው የመታው እቴ! በላብ ላይ ነፋስ! ያ ብረት ነው የበላው» ይባባላሉ። ሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ ባቡሩ ውስጥ ላለ ሰው ሳይቀር ይሰማል።

ያ ብረት የሚሉት፣ ጉግሳ ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ የገዛው ትልቅ የአሜሪካን ሞተር ሳይክል ነው። ኮርቻው ሰፊ፣ መሪው እንደ አፋር ሰንጋ ቀንድ ወደ ኋላ የተቆለመመ። አሁን ደጅ፣ ከድንኳኑ ፊት ቆሟል። ያስወጣው የጉግሳ ታላቅ ወንድም ተክለ ማርያም ነው። ትናንት ከቡልጋ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው ፈረሱን ነበር። በአገራቸው ደንብ የሟች ፈረስ ተጭኖ ለቅሶው መሀል ይወጣል። ፈረስ የለውም ሲሉት ሞተሩን አየ። የወንድሙን ኮትና ባርኔጣ ኮርቻው ላይ አሰረና፣ «እንግዲያው ፈረሱ ይኸ ነው። ተነሥቶ ይጩህ» አለ።

ቀጥሎም የሻረግ እየሰማች እንዲህ አለ፦ «ከተነሣ ዛሬውኑ በካሚዮን ጭኜው እሄዳለሁ። እናታችን ታማ ቀርታለች፤ የልጄን ፈረስ ድምፁን እንኳ አሰማኝ ብላኛለች። ካልተነሣ ግን የሞተ ብረት ተሸክሜ የት እገባለሁ? እዚሁ ይቅር።»

«የሻረግስ?» ያለ አንድም ሰው የለም። ልጅ የላት፤ ሴት ደግሞ በሞተር ምን ልትሠራበት!

ምን እንደምትሠራበትማ እሷ ታውቃለች። አቧራና አሸዋ የአዋሽ ቀለብ ነው፤ ያ ሞተር በሳምንት አንዴ ካልተፈታ አይሄድም ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉግሳ በርከክ ብሎ ይፈታል፣ እሷ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ሰፌድ ላይ ትደረድራለች። ጉግሳ ዝምተኛ ነበር፤ ዝምተኛ ቢሉት ያንሳል። ሰኞ «ደህና ዋይ» ካለ ቅዳሜ ድረስ ሌላ ቃል ላይወጣው ይችላል። እሑድ፣ እጁ በዘይት ሲነከር ብቻ አፉ ይፈታል። ያረገዘችው ልጅ በሰባት ወሩ የሞተ ጊዜ አንዲት ቃል አልተናገረም። ጨካኝ ነው ብላ ተቀይማው ነበር። ልጁ ከሞተ በስድስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ የሞተሩን ካቴና እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል፣ «ወንድ ነበር አሉኝ፤ ስም አውጥቼለት ነበር» አለ። እሷም ብሎኑን አቀበለችው፣ ሁለቱም ሥራቸውን እያዩ አለቀሱ።

ይኸን የሚያውቅ ከሷ በቀር ማንም የለም።

ደጅ የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ሀብተ ሥላሴ ከረባቱን ፈቶ ይረግጣል። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። የቤንዚኑ ሽታ እስከ ሰሌኑ ገባ።

«አፍነውታል» አለች የሻረግ።

አጠገቧ የተቀመጠችው የባቡሩ ፍሬን ሠራተኛ ሚስት ዘይቱና ጎንበስ አለች። «ምን አልሽ የሹዬ?»

«ቤንዚን በዝቶበት ታፍኗል። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ረጥቧል እንጂ ሞተሩ ደህና ነው። ካንዴላውን ቢያደርቁት ባንድ ርግጫ ይነሣል።»

ዘይቱና ግራ ቀኙን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዝም በያ ታዲያ! ዝም ካልሽ ይቀርልሻል። አላህ ራሱ አፈነልሽ፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

እውነቷን ነው። የሻረግ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

በዚህ መሀል ሙሾ አውራጇ እትዬ ባይሽ ነገሩን አየች። ፈረስ ጌታው ሲሞት እምቢ እንደሚል የማያውቅ የለም። ደረቷን መታ መታ አድርጋ ለቀቀችው፦

«ብረት አያለቅስም ማን ነው የነገራችሁ፣
የጉግሳ ፈረስ ነው ቆሞ እምቢ ያላችሁ።»

ድንኳኑ ተናወጠ። ሀብተ ሥላሴ ርግጫውን ትቶ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ። ተክለ ማርያም «ወይኔ ወንድሜ! ፈረስህ እንኳ ጠላን!» ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ባይሽም ልቅሶው ሲሰምርላት ቀጠለች፤ ጉግሳን አንበሳ ገዳይ አለችው፣ ጠላት አርበድባጅ አለችው። ጉግሳ! ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የሚጠራው ጉግሳ!

የሻረግ ቤቱ ሙሉ ሰው እያለ ብቻዋን ሆነች። ሦስት ቀን ሙሉ የተለቀሰው ለሌላ ሰው ነው። የሷው ጉግሳ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ከሱ የቀረ እውነተኛ ነገር ቢኖር ያ ድምፅ ነው። አንዴ ልትሰማው አማራት፤ ከሰማችው ደግሞ ታጣዋለች።

«ይቅር» አለች ለራሷ። «ይቅርብኝ።»

ደጅ ሌላ ጉልበተኛ ተተክቶ እንደገና ረገጠ። ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማ። የማስነሻው ጥርስ ነው። እንዲህ ከቀጠሉ ይበሉታል፤ ለእናትየውም ለሷም የማይሆን ሬሳ ያስቀሩታል።

ተነሣች። ሐዘንተኛ ከሰሌኗ ስትነሣ ሴቶቹ «ኧረ ያዟት፣ ልትወድቅ ነው!» አሉ። አልወደቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ወጣች።

«ዞር በሉ» አለች።

ደንግጠው ዞር አሉ። ከኮርቻው ኪስ የካንዴላ ቁልፍ አወጣች፣ ሁለቱን ካንዴላዎች ፈታች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ እፍ አለችባቸው። ቤንዚኑን ዘግታ ሦስት ጊዜ በባዶ ረገጠችና የታፈነው ወጣ። መልሳ አሰረች፣ ቤንዚኑን ከፈተች። ከዚያ ማስነሻውን ቀስ ብላ ተጭና እግሯን ወደ ላይ እስኪገፋው ጠበቀች፣ ባለ በሌለ ኃይሏ አንዴ ረገጠች።

ተነሣ።

ሀብተ ሥላሴ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ለካስ ጠዋት ጠዋት...» አለ። አዎ፣ ጠዋት ጠዋት። የጉግሳ ጉልበት ካበጠ ዓመት አልፎታል፤ ሰፈሩ የሚሰማው ድምፅ ከአጥሩ ጀርባ የሚነሣው በሷ እግር ነበር። ሰው እንዳያውቅበት ሁለቱም ደብቀው ኖረዋል። ሰው ዛሬ አወቀ፤ ያን ያህልም አልከበዳት።

ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። ሕዝቡ «ጉግሳ! ጉግሳዬ!» እያለ አዲስ ልቅሶ ጀመረ፤ ባይሽ እንኳ ግጥሙ ጠፍቷት እንዲያው አነባች። የሻረግ ሳታስበው ዓይኗ ወደ አጥሩ በር ሄደ። ማታ ማታ ሞተሩ በተሰማ ቁጥር ጉግሳ በዚያ በር ይገባ ነበር። በሩ ባዶ ነው። ያኔ መሞቱን አመነች።

ተክለ ማርያም እንባውን በጋቢው እየጠረገ ቀረበ። ሴት አስነሣችው ብሎ አልተቆጣም፤ ዓይኑ ቁልቁል ነበር። «እኅቴ፣ አንቺ ካልሽ... ይቅር እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«እማማ እየጠበቁ ነው፣ ጋሼ። ብቻ ስማኝ። ዘይቱን በየሳምንቱ እየው። የአቧራ ወንፊቱን በቤንዚን እጠበው። እምቢ ሲልህ አትደብድበው፣ ትንሽ ታገሠው።»

«እሺ።»

«ደግሞ እማማ አልጋ ሥር አታስነሣባቸው። መንዳት የሚችል ሰው ፈልግና ከሩቅ ይጀምር። እየቀረበ ሲመጣ ነው የሚያምረው።»

ካሚዮኑ ወደ ደጁ ተጠጋ። የሚጫን ሞተር በውስጡ ቤንዚን አይቀርበትም፤ ጎንበስ ብላ የቤንዚኑን መዝጊያ አዞረች። እንዲህ ሲዘጋ ወዲያው አይጠፋም፣ ውስጡ የቀረችውን እስኪጨርስ ይቆያል። ሌላው ሰው ይኸን ስለማያውቅ ገመድና ሳንቃ ፍለጋ ተበተነ።

እሷ አልሄደችም። መዳፏን የሞተሩ ሆድ ላይ አሳረፈች። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳተ፣ ተስተካከለ፣ እንደገና ሳተ። ከዚያ ቆመ። ብረቱ መዳፏን እያቃጠላት ነበር፤ ሰዎቹ ገመዱን ይዘው እስኪመለሱ ድረስ እጇን አላነሣችም።