ሰብኔት በዕጣ

ኔትወርክ በዕጣ ሲከፋፈል ሰምቼም አይቼም አላውቅም ነበር። ጌጃ ሰፈር አጠገብ ባለው ክሊኒካችን ግን በ2009 ዓ.ም. ይህንንም አየሁ።

ሥራው እኮ ቀላል ነበር። የክሊኒኩ መረጃ በኢንተርኔት ወደሚከራይ የኮምፒውተር ማከማቻ፣ ወደ ክላውድ፣ ይዛወር ተባለ። እኔ ሴና፣ የቤቱ ብቸኛ የኔትወርክ ባለሙያ፣ እዚያ የተከራየነውን ሰፊ ኔትወርክ ለአራት መክፈል ነበረብኝ። ክፍሎቹ ሰብኔት ይባላሉ። አንዱ ለውጭ ሰው ክፍት ነው፤ ቀጠሮ ማስያዣው ድረ ገጽ እዚያ ይቀመጣል። ሦስቱ ዝግ ናቸው። የሕሙማን የምርመራ ውጤት የሚቀመጠው ከዝጎቹ በአንዱ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው!

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሀብተ ማርያም ግን ወደ እኛ እስኪመጡ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ላስረዳ ብዬ በገዛ አፌ "ክፍቱ ሰብኔት መንገድ ዳር እንዳለ ምድር ቤት ማለት ነው" አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መንገድ ዳር ያለ ምድር ቤት ሱቅ የሚከፈትበት፣ ሰው የሚሻማበት ቤት ነው።

"እንግዲያው አድልዎ እንዳይኖር በዕጣ ይሁን" አሉ።

ስብሰባ ተጠራ። አራት የክፍል ኃላፊዎች ከካርቶን ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አወጡ። መንገድ ዳሩ ለማን ቢደርስ ጥሩ ነው? የሕሙማን ውጤት ለሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ኃላፊ ለሲቲ! እልል አለች። ተጨበጨበላት። እኔ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

"ጋሼ፣ ውጤቱ እዚያ ከተቀመጠ ማንም ከውጭ ሊያየው ይችላል" ብላቸው፣ "ቃለ ጉባኤ ተፈርሟል። መቀየር ከፈለገች በማመልከቻ ትጠይቅ፣ ኮሚቴው ያየዋል" አሉኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነው። መረጃው የሚዛወረው ነገ ጠዋት! ከንዴቴ ብዛት እንባዬ መጣ።

መዝገብ ቤት ገብቼ ሲቲን ያዝኳት።

"የደረሰሽ ቦታ በር የለውም። የኤች አይ ቪ ውጤት ሳይቀር አላፊ አግዳሚው ያነበዋል።"

"ታዲያ እልል ስል ዝም ትይኛለሽ?"

"ኧረ ለጋሼ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼ ነበር!"

ሻሿን አስተካክላ በቀጥታ ወደ አቶ ሀብተ ማርያም ቢሮ ሄደች። ተከተልኳት።

"ዕጣዬን መልሻለሁ" አለቻቸው።

"በቃል አይመለስም። ማመልከቻ ጻፊና..."

ሲቲ በሩን ዘጋች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ የእርስዎም ፋይል እኮ እዚያ ውስጥ አለ" አለች።

 ወደ እኔ ሲያዩ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡና ማመልከቻውን በሲቲ ስም ራሳቸው ጻፉት፤ ከሥሩ "ኮሚቴው ፈቅዷል" ብለው ፈረሙ።  በዚህ ሥራ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያናደዱኝን ሁሉ ረሳሁላቸው፤ አሳዘኑኝ።

ወረቀቱን ሲሰጡኝ ቀና አላሉም።

"ሴና፣ ዝጉ በእርግጥ ዝግ ነው?" አሉኝ።

ስለ ኔትወርኩ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።