የጠላዡ ቤተሰብ

እናቴ ለሃርግሮቭ ኮሌጅ ቡድን መጸለይ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ወንድሜ ትሬመይን ቡድኑ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ጸሎቷ ተበላሽቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል አንድ ቡድን ሞላላዋን ኳስ በእጁ ይዞ አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በሦስቱ ካልሆነለት በአራተኛው ጠላዡን ይጠራና ኳሷን አርቆ ጠልዞ ለባላጋራው ያስረክባል። ትሬመይን ጠላዥ ነው። ቡድናችን ሲሳካለት እሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ቡድናችን ሲዋረድ እሱ ይገባል። ስለዚህ እናቴ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች "ግፉ! ግፉ!" ትላለች፤ በሦስተኛው ትንፋሿን ትይዛለች፤ ከከሸፈ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ፊቱን በእጁ ሲሸፍን እኛ ቤተሰቡ ብቻ ብድግ ብለን እናጨበጭባለን። የሃርግሮቭ ደጋፊዎች በዚህ ነገር ስቀውብን አይጠግቡም።

በእኛ ቤት ሰርግ የሚደገሰው ጨዋታ በሌለበት ቅዳሜ ነው። እኔ የተወለድኩት ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ስለሆነ፣ አባቴ ኦዴል ያመለጠውን ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ዛሬ በእኔ ያሳብባል። ትሬመይንን መጠለዝ ያስተማረው እሱ ነው። ከሚሠራበት የዓሣ ፋብሪካ ፈረቃ ሲወጣ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ከጥጥ መዳመጫው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ያስለጋው ነበር። ጎረቤት ሁሉ ልጁን ለምን ኳስ ይዞ ሯጭ አታደርገውም ይለዋል። "ሯጭ በየቤቱ አለ" ይላቸዋል አባቴ።

ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወቅቱ ሲከፈት እንደኛ ያለ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ከፍለው ይጠራሉ፤ በሰው ፊት ሊደበድቡት። ኮሌጁም በዚያ ገንዘብ ጣራውን ያስጠግናል። ማንም ይህን አይደብቅም። የዘንድሮው ጥሪ ሲመጣ ግን ለእኛ ቤት ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ለፕሮፌሽናል ቡድኖች ተጫዋች የሚመለምል አንድ ሰው የጋባዡን ዩኒቨርሲቲ ተከላካይ ሊያይ ይመጣል፤ የእኛንም ጠላዥ አያለሁ ብሏል። አሰልጣኛችን ብራክስተን መልእክቱን ለትሬመይን እንዲህ አድርጎ ነገረው፦ "ሩቅ የሚመታ ሞልቷል፣ አጭሯን ያሳየኝ ብሏል።"

አጭሯ ማለት ከሜዳው መሐል አልፈው ሲቆሙ የምትመታ ናት። ከፍ ብላ ትወጣና የባላጋራው መስመር ጫፍ ላይ ወርዳ ሳትነጥር ትሞታለች። ትሬመይን በልምምድ አሳምሮ ይመታታል። በጨዋታ ግን ባለፈው ዓመት አንድም ቀን አልመታትም፤ ሃርግሮቭ ኳሷን ይዞ የሜዳውን መሐል የሚያልፍበት ቀን ስለጠፋ። ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻ ዓመቱ ነው።

አባቴ፣ እናቴ፣ አክስቴ ኦፓልና እኔ ሌሊቱን ነድተን ደረስን። የስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ በባለሜዳዎቹ ቀያይ ድንኳን ተሞልቷል። አባቴ ትንሿን ምድጃችንን አውጥቶ ቋሊማውን ደረደረ፤ አክስቴ የተቀቀለ ኦቾሎኒ አደለችን። አጠገባችን ሥጋ የሚጠብስ አንድ ወፍራም ጎረምሳ፣ ከላይ እስከታች ቀይ የለበሰ፣ የእናቴን አረንጓዴ የሃርግሮቭ ኮፍያ ሲያይ ጊዜ አላጠፋም።

"ማዘር፣ ስንት ለዜሮ ልትሸነፉ ነው የመጣችሁት?"

"አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ያን ሥጋ ገልብጠው፤ እያረረብህ ነው" አለችው እናቴ።

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱም ሳቀና አንድ ቁራጭ በሳህን አመጣላት። ቀመሰችው። "እንዳልኩህ" ብላ ሳህኑን መለሰችለት።

ለእንግዳ ደጋፊ የሚሰጠው ቦታ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ጥግ ነው። አረንጓዴ የለበስን ሁለት መቶ የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ የቀረው ስታዲየም ቀይ ነው። ጨዋታው ተጀመረ። ስለ መጀመሪያው አጋማሽ ብዙ የምለው የለኝም። የእነሱ ልጆች እንደ በር ሰፊ ናቸው። የእኛዎቹ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። ትሬመይን ደጋግሞ ገባ፤ ሁልጊዜም ከራሳችን መስመር ጥግ ሆኖ፣ ሩቋን እየመታ። እኛም ደጋግመን ብድግ አልን። ከኋላችን አንድ ሰው "ዛሬስ ይህ ልጅ እግሩ ሊያልቅበት ነው" አለ፤ የራሳችን ሰው ስለሆነ አለፍነው።

በእረፍት ሰዓት ሠላሳ አንድ ለዜሮ እየተመራን ነበር።

"ቨርሊን፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ ብንወጣስ?" አለቻት አክስቴ እናቴን።

"ከዚህ ቤተሰብ ሰዓቱ ሳያልቅ የወጣ ሰው አለ?"

"አባታችን አንዴ ወጥቷል።"

"በአምቡላንስ ነዋ!"

አክስቴ ኦቾሎኒዋን መላጥ ቀጠለች።

በአራተኛው ሩብ አርባ አምስት ለዜሮ ሲሆን ቀዩ ሕዝብ ረክቶ ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ። ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ዲዮንቴ የሚባለው ቀጭኑ ኳስ አቀባያችን፣ ሁለት ሰው እግሩ ላይ ተንጠልጥሎበት፣ ኳሷን ዝም ብሎ ወደ ሰማይ የወረወራት። አንዱ የእኛ ልጅ ዘሎ ያዛት። የሜዳውን መሐል አለፍን። ጥጋችን ተናወጠ፤ የማላውቃት ሴት አቀፈችኝ።

ከዚያ በሦስት ሙከራ ስምንት ያርድ ገፋን። አራተኛው ሙከራ ደረሰ። ሁለት ያርድ ይቀራል።

አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "መጣች" አለ። "አጭሯ መጣች!"

እውነቱን ነው፤ የዓመቱ ኳስ ናት። ቦታዋ ልክ ናት፤ መልማዩም እዚያ ላይ የሆነ ቦታ ተቀምጧል። አሰልጣኙ እጁን አወዛወዘ፤ ትሬመይን ሄልሜቱን እያጠለቀ ሮጦ ገባ። አባቴ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እናቴ ግን አላጨበጨበችም።

"ምን ሊያደርግ ነው የሚያስገባው?" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው? ይቺ ናት'ኮ! ልጅሽ ሲጠብቃት የኖረው ኳስ!"

"አርባ አምስት ለዜሮ ነው፣ ኦዴል። ሁለት ያርድ ነው የቀረን። ቀኑን ሙሉ ስንሰጣቸው ውለን ይቺንም እንስጣቸው?"

"ስለ ልጅሽ ነው የማወራሽ!"

"እኔስ ስለ ማን ልጅ የማወራ መሰለህ? እዚያ የሚደበደቡት ሁሉ የማን ናቸው?"

መልሱን አልጠበቀችም። ደረጃውን ወርዳ አጥሩ ላይ ተደገፈች። በፀጉር ቤቷ ውስጥ አራት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ በአንድ ላይ እያጓራ የሚሰማ ድምፅ አላት፤ ግማሽ ባዶ የሆነ ስታዲየም ለእሷ ምንም አይደለም።

"ትሬመይን! አትስጣቸው! ውጣ ከዚያ!"

"እናት ልጇን ውጣ ስትል ዛሬ ሰማሁ" አለች አክስቴ ኦፓል፤ እሷም ተከትላት ወረደች። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ መላው ጥግ፣ "አትስጥ! አትስጥ!" ይል ጀመር። የቀሩት ቀያዮች ዞረው አዩን። አርባ አምስት ለዜሮ ተመርተን በገዛ አሰልጣኛችን ላይ ስንጮህ ገርሟቸው ይሆናል።

እኔ በተፈጥሮዬ አልጮህም። የአባቴ እጅ ተመልሶ ክንዴ ላይ ነበር፤ ስንት ዓመት ከመዳመጫው ጀርባ ኳስ ሲለቅም እንደኖረ አውቃለሁ። እናቴም እዚያ አጥሩ ላይ ነበረች። ክንዴን ቀስ ብዬ አላቀቅኩና ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ።

ትሬመይን ቦታውን ይዞ ኳሷ እስክትመጣለት እጆቹን ዘርግቶ ነበር። ቀና ብሎ ወደ ጥጋችን አየ። ከዚያ የተዘረጉትን እጆቹን አጠፋና ለዳኛው ጊዜ ይቁም የሚል ምልክት አሳየ። በእንዲህ ያለ ውጤት የሚሸነፍ ቡድን ያልተጠቀመበት የእረፍት ጥሪ ሞልቶታል። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ወንድሜ እየተራመደ ወደ አሰልጣኙ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፤ አሰልጣኙ ግን በሁለት እጁ ሜዳውን ሲያሳየው አየን። ትሬመይን ሄልሜቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

አሰልጣኝ ብራክስተን ወንበሩን አየ፤ ጥጋችንን አየ፤ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለና ዲዮንቴን በጣቱ ጠራው።

ዲዮንቴ ራሱ ይዟት ገባ። ከመሐል፣ ዝቅ ብሎ፣ እነዚያ በር የሚያክሉት ልጆች መካከል። ክምሩ ለረጅም ጊዜ አልተፈታም። ዳኞቹ እየጎተቱ አነሷቸውና የርቀት መለኪያውን ሰንሰለት አምጥተው ለኩ። አንድ ክንድ ያህል ቀረን።

ቀያዮቹ ኳሷን ተረከቡ። አባቴ እላይ ብቻውን ቀርቶ ነበር። እናቴ ወደ እሱ ዞራ "ነጠቁን እንጂ አልሰጠናቸውም!" ብላ ጮኸችለት። እሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የእኛ ጥግ ግን ሰዓቱ አልቆ ቀዩ ሕዝብ እስኪበተን አልተቀመጠም።

ትሬመይን ልብሱን ሳይቀይር ወደ አጥሩ መጣ። አባቴ መጨረሻ ላይ ወረደ።

"አሰልጣኙ ምን አለህ?"

"ሰኞ ሜዳውን ስትዞር ትውላለህ አለኝ።"

"ደግ አደረገ" አለ አባቴ። "መልማዩስ?"

"አላየሁትም። ማየትም አልፈለግኩም።"

"ጠልተሃት ነው? መምታት አልፈለግክም?"

"አባዬ፣ እንዴት አልፈልግም?"

"ታዲያ?"

ትሬመይን እናቴን አየ፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ እሱን። "እኔም ያደግኩት እናንተ ቤት ነው" አለ።

እናቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን ስባ ሳመችው።  አባቴ ባዶውን ሜዳ ሲያይ ቆየ።

"የት ነበር የምትጥላት?" አለው በመጨረሻ።

"ግራ ጥጉ ላይ። ነፋሱ ወደዚያ ነበር።"

"ከፍታዋስ?"

ትሬመይን እጁን አንስቶ አሳየው። "ከዚያ መብራት በላይ።"

"ትነጥራለች።"

"አትነጥርም። ሹል አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ ነበር የምለቃት።"

"እስቲ አያያዝህን አሳየኝ" አለ አባቴ፤ ትሬመይንም ሄልሜቱን እንደ ኳስ ይዞ አሳየው። አባቴ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ የልጁን አውራ ጣት ትንሽ ገፋ አደረገው።

ጥበቃው መጣ። "ይቅርታ፣ ስታዲየሙ ሊዘጋ ነው። መውጣት አለባችሁ።"

አባቴ ዞር ብሎም አላየውም። "ገና አልጨረስንም" አለው።

እናቴ አጥሩ ሥር ካለው የመጀመሪያ ረድፍ አንዱን ወንበር ዘረጋችና ተቀመጠች። አክስቴ ኦፓል አጠገቧ ተቀመጠች፤ የቀረችውን ኦቾሎኒ አወጣችና ለጥበቃውም ዘረጋችለት።