አንድ ዓሣ ስንት ጊዜ ያልፋል?

ሥራዬን ስናገር ሰው ይስቃል። ዓሣ እቆጥራለሁ። ከግድቡ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ አንድ ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት አለኝ። ከመስታወቱ ወዲያ የዓሣ መሰላል አለ፤ ዓሦቹ ግድቡን አልፈው ሽቅብ እንዲወጡ ተብሎ ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ውሃ የሚወርድበት ደረጃ ነው። አንድ ዓሣ ባለፈ ቁጥር በእጄ የያዝኩትን መቁጠሪያ ቀጭ አደርጋለሁ። ሰባት ሰዓት ሙሉ! ቀላል የመሰለው ይሞክረው።

ግድቡ ሲሠራ ከወንዙ ላይኛው በኩል ካሉት ዓሣ አጥማጆች ጋር ስምምነት ነበር። በመሰላሉ በዓመት ስምንት ሺህ ዓሣ ካላለፈ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዓሣ እንቁላል በሚጥልባቸው ሁለት ወራት የግድቡ ትልቁ በር ይከፈታል። በሩ ከተከፈተ መብራት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኩባንያው ያን በር እንደ ጦር ይፈራው ነበር።

ከላይኞቹ አጥማጆች አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ጋሼ። አባታችን ሲሞት መረቡን ተረክቦ ያስተማረኝ እሱ ነው። ደብተሬ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጋሼ መጣና፣ "እህትዓለም፣ ዓሣ እኮ የለም" አለኝ።

"እንዴት የለም? አሥራ አንድ ሺህ ቆጥሬያለሁ!"

"እንግዲያው ከእኔ መረብ እየሸሸ ነዋ።"

ሁለታችንም ሳቅን።

በሦስተኛው ዓመት ግን መንደሩ በሙሉ አቤት አለና ወራቱ ሲገባ ስብሰባ ተጠራ። አለቃዬ መሐንዲሱ የፈረምኩበትን የቆጠራ ወረቀት አስይዞ መድረክ ላይ አወጣኝ። ጋሼ ተነስቶ "ቆጠራው ልክ አይመስለኝም" ሲል ደሜ ፈላ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የምውለው እኔ፣ ዓይኔ ደም የሚመስለው እኔ! "ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ዓሣው አልፏል!" አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? "መረብ መጣል ያቃተው ሰው በግድብ አያመካኝ" ብዬ ጨመርኩበት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እኔ ግን ያን ቀን ረታሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሩ አልተከፈተም። ጋሼም ቤቴ መምጣቱን ተወ። ተቀይሞኛል ብዬ እኔም ኮራሁ።

በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ሰኞ፣ ጭራው ግማሽ የሌለው ዓሣ አለፈ። ቀጭ። ረቡዕ ደግሞ ጭራው ግማሽ የሌለው ዓሣ አለፈ። ቀጭ ካደረግኩ በኋላ ከወንበሬ ተነሳሁ። ዓርብ ሲመጣ ከስቶ፣ ቅርፊቱ ተላልጦ ነበር። "አንተ! ከትናንት ወዲያ አልፈህ አልነበር እንዴ?" አልኩት፣ መስታወቱን እየመታሁ።

ከመሰላሉ ማረፊያ ገንዳ አርባ ዓሦች አወጣሁና ክንፋቸው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። በአንድ ሳምንት አርባዎቹ መቶ ሠላሳ ጊዜ በፊቴ አለፉ። ላይ ወጥቼ አየሁት። የመሰላሉ የላይኛው አፍ የሚከፈተው ግድቡ ውሃ ከሚያፈስበት አጠገብ ነው። ደክሞት የወጣውን ዓሣ ውሃው ጎትቶ ቁልቁል ይወረውረዋል፤ ያልሞተው መሰላሉን እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ የምቆጥረው የሚወጣውን ነው። የሚወድቀውን የሚቆጥር ሰው አልተቀጠረም። አሥራ አንድ ሺህ ያልኩት አራት ሺህ እንኳ የማይሞሉ ምስኪኖች ሲወድቁ ሲነሱ ነው። ወይ ነዶ!

መሐንዲሱ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።

"ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?" አለኝ።

"በሩ ይከፈት። ወራቱ ገና አላለቀም።"

"ማነው የፈረመው? አንቺ። ሕዝብ ፊት ማነው የማለው? አንቺ። አሁን ዋሽቼ ነው ልትዪ ነው?"

"አልዋሸሁም፣ ተሳስቼ ነው።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ" አለና መሳቢያውን ከፍቶ ፊርማዬን አሳየኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ለበላይ ጻፍኩ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ፣ ወራቱ አለፈ። በሩን የከፈቱት በዓመቱ ነው፣ ካሜራና ጭብጨባ ባለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ይህ ዓሣ አራት ዓመት ባሕር ውስጥ ኖሮ የሚመለሰው ወደ ተፈለፈለበት ቦታ ብቻ ነው። ግድቡ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ከላይ የተፈለፈለ የለም። ካልተፈለፈለ ማን ይመለስ?

ወንበሬን ከተከፈተው በር ዳር አወጡልኝ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ በወንዙ ዳር በእግሩ መጥቶ አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ውሃውን አብረን አየን። አንድም አላለፈ።

"ያኔ፣ በስብሰባው ዓመት ከፍተውት ቢሆንስ?" አለኝ።

መዋሸት አማረኝ። ለእሱ ሳይሆን ለራሴ።

"ያኔ ወጥተው የሚጥሉት እንቁላል ይፈለፈል ነበር፣ ጋሼ። የተፈለፈሉትም አራት ዓመታቸውን ጨርሰው ከዛሬ ሁለት ዓመት በኋላ ይመለሱ ነበር።"

በጣቱ ሲሚንቶውን ጫር ጫር አደረገ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው በሰደበኝ ኖሮ።

"ሰዎቹ ከስብሰባው በኋላ ሊከሱ ፈልገው ነበር" አለ። "እኔ ነኝ ያስተውኳቸው። 'እህቴን እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ እሷ አለፈ ካለች አልፏል' አልኳቸው። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን ወንዙ ውስጥ እየቆምኩ መረብ መጣል ስለማመድ ከረምኩ።"